ፍቅር ሲያዳላ

ወላጅ ለአንዱ ልጁ የሚያደርገውን ለሌላው ሲነፍግ፣ የልዩነቱም ምክንያት የልጆቹ ችግር ሳይሆን የገዛ ልቡ ዝንባሌ ሲሆን አዳላ ይባላል። በየቤቱ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች እየተቀላቀሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው የአያያዝ ልዩነት ነው፤ ለታመመው ልጅ ወተት፣ ለጤነኛው ሽሮ ማቅረብ፣ የሕፃኑን ጫማ አስሮ ታላቁን «ራስህ እሰር» ማለት አድልዎ አይደለም። ሁለተኛው የስሜት ልዩነት ነው፤ አባት የአንዱ ልጁ ጨዋታ ይጥመዋል፣ የሌላው ዝምታ ይከብደዋል። ሦስተኛው የድርሻ ልዩነት ነው፤ መሬቱ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ምስጋናውና ቁጣው፣ ልጆች ሲጣሉ የሚሰጠው ዳኝነት ለአንዱ ያጋደለ ይሆናል። አያያዝን ችግር ይወስነዋል፤ ስሜትን ማንም አያዝዘውም፤ ድርሻን ግን ፍትሕ ሊገዛው ይገባል። ለዓመታት የሚዘልቀው የቤተሰብ ቅራኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው እነዚህ ሦስቱ ሲምታቱ ነው። ወላጅ በድርሻ ለፈጸመው በደል ስሜቱን ያመካኛል፤ ልጅም ስሜትን እንደ ውርስ ንብረት ቆጥሮ ክስ ይመሠርታል።

የስሜት ልዩነት መነሻው ሩቅ አይደለም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው፣ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ልጆች በመልክም በጠባይም አይመሳሰሉም፤ ወላጅም ሰው ነውና ሁሉም ጠባይ እኩል አይስማማውም። አንዱ ልጅ የሚወደዱትን አያት ይመስላል፣ ሌላው ጥሎ የሄደውን ባል። አንዱ ቤቱ ደህና በያዘ ጊዜ ይወለዳል፣ ሌላው በስደት ወይም በሐዘን ሰሞን። ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ሰው ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ልጅ ራሱን ከማወቁ በፊት የሌላ ሰው ቦታ ተሰጥቶታል፤ የሚደርሰው ፍቅርም ከፊሉ ለሞተው የታሰበ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ደግሞ ምክንያቱ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ይመሰክራል። ይስሐቅ ዔሳውን የወደደው ከአደኑ ስለሚበላ ነው፤ ርብቃ ያዕቆብን ለምን እንደ ወደደችው ግን መጽሐፉ አይናገርም።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ለጉዳዩ የበኩላቸውን ማብራሪያ ሰጥተዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ትሪቨርስ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ለወላጅ ልጆቹ ሁሉ በዝምድና እኩል ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ግን ከወንድሙ ይልቅ ራሱ ይቀርበዋል። ስለዚህ ወላጁ በትክክል ቢያካፍል እንኳ ልጁ ከዚያ በላይ መፈለጉ አይቀርም። «አዳላህብኝ» የሚለው ክስ በሁሉም ቤት የሚሰማው፣ ብቻውንም የአድልዎ ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንጻሩ ማንም ሳያዳላ ልዩነት የሚፈጠርበት መንገድ አለ። ተመራማሪው ራልፍ ኸርትቪግና ሁለት ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እኩል የማካፈል መርሕ ራሱ እኩል ያልሆነ ውጤት እንደሚያመጣ አሳይተዋል። ነገሩ በቀላል ስሌት ይታያል። ሦስት ልጆች በየ3 ዓመቱ ልዩነት ይወለዱ፤ እያንዳንዱ 18 ዓመት ሲሞላው ከቤት ይውጣ፤ ወላጆቹም ያላቸውን ጊዜ በየዓመቱ ቤት ላሉት ልጆች እኩል ያካፍሉ። በኩሩ የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ብቻውን ይይዛል፣ ቀጣዮቹን 3 ዓመታት ለሁለት፣ የቀሩትን 12 ዓመታት ለሦስት ይካፈላል፤ ሲደመር የ8 ዓመት ተኩል ሙሉ ጊዜ ይደርሰዋል። የመጨረሻው ልጅም ታላላቆቹ ከወጡ በኋላ ብቻውን የሚቀርባቸው 3 ዓመታት ስላሉት ያንኑ 8 ዓመት ተኩል ያገኛል። መካከለኛው ግን ወላጆቹን ብቻውን ያገኘበት አንድም ዓመት የለም፤ ድርሻው 7 ዓመት ነው። በየቀኑ የተደረገው ክፍፍል ትክክል ሆኖ ሳለ የልጅነቱ ድምር ተዛብቷል። መካከለኛዋ ልጅ «እኔን ማን አየኝ?» ስትል እናትየው «አንድም ቀን ለይቼ አላውቅም» ብላ ብትምል ሁለቱም አልዋሹም።

ልጅ የወላጁን ልብ የሚያነበው ከትልልቅ ስጦታዎች ይልቅ ከጥቃቅን ምልክቶች ነው። የበዓሉ ዶሮ ወጥ ቀርቦ የመጀመሪያው ጉርሻ ለማን እንደ ሄደ፣ ብርጭቆ ሲሰበር ማን ተጠይቆ ማን ሳይጠየቅ እንደ ተቆጡት፣ እንግዳ ሲመጣ ማን «ጎበዙ ልጄ» ተብሎ ማን «ይሄኛው ደግሞ ታናሹ ነው» ተብሎ ብቻ እንደ ታለፈ አይስተውም። «ምናለ እኅትሽን ብትመስዪ?» የሚለው ንግግር ከተናጋሪዋ አፍ የሚወጣው ምክር ሆኖ ነው፤ ከሰሚዋ ጆሮ የሚደርሰው ግን ፍርድ ሆኖ ነው። እኅትየዋም በዚያው ቃል ሳታውቀው ተጎድታለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኅቷ መለኪያ ዘንግ ሆናለችና።

ይሁንና ልዩነት ሁሉ አያቆስልም። አማንዳ ኮዋልና ሎሪ ክሬመር በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ልጆችን ስለ ወላጆቻቸው አያያዝ ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ ልዩነት መኖሩን እያወቁ እንደ በደል አልቆጠሩትም፤ የዕድሜን፣ የጠባይንና የችግርን መለያየት እያነሡ ራሳቸው ያስረዱ ነበር። ልጅ ከሚታሰበው በላይ አስተዋይ ዳኛ ነው፤ ምክንያቱ ከታወቀው ብዙ ይታገሣል። የማይታገሠው ምክንያት የሌለውን ወይም የተደበቀበትን ልዩነት ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላው በራሱ ግምት፣ ግምቱም «እኔ ስለማልረባ ነው» የሚል ነውና።

ነገሩ በልጅነት አያበቃም። ጂል ሱተርና ካርል ፒለመር በ2001 እ.ኤ.አ. በቦስተን አካባቢ በጀመሩት ጥናት ከ500 የሚበልጡ በዕድሜ የገፉ እናቶች ስለ እያንዳንዱ ልጃቸው ተጠይቀዋል። አብዛኞቹ ይበልጥ የሚቀርባቸውን ልጅ ለይተው ጠቅሰዋል። የሚደንቀው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ ራሳቸው የጎለመሱት ልጆች እናታቸው የመረጠችው ማንን እንደ ሆነ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። እንግዲያስ በወንድሙ ላይ ለ40 ዓመት ቂም የያዘ ሰው፣ እናቱ በልቧ ያስቀደመችው እሱን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የአድልዎ ጉዳት በወላጅ ልብ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም፤ ልጁ አነበብሁ ብሎ ባመነው ነገር ላይም ጭምር ነው።

በዚህ ጠብ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ቁጣው የሚወድቅበት ቦታ ነው። የሚያዳላው ወላጅ ሆኖ ሳለ የሚጠላው ወንድም ነው። አባትና እናትን ማክበር በሃይማኖትም በባህልም ጥብቅ ትእዛዝ በሆነበት ኅብረተሰብ ልጅ ወላጁን ፊት ለፊት መክሰስ አይችልም፤ ቁጣው መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን ይዞራል። የዮሴፍ ታሪክ ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳያል። ያዕቆብ ከልጆቹ ሁሉ አብልጦ ለሚወደው ለ17 ዓመቱ ዮሴፍ ኅብረ ቀለም ያለው ቀሚስ አሠራለት። ወንድሞቹ ለአባታቸው አንዲት የተቃውሞ ቃል አልተናገሩም፤ ዮሴፍን ግን ጉድጓድ ውስጥ ጥለው በ20 ብር ሸጡት። ከዚያም ቀሚሱን በፍየል ደም ነክረው ወደ አባታቸው ላኩትና የልጁ ቀሚስ መሆን አለመሆኑን ራሱ እንዲለይ ጠየቁት። ወንድማቸውን አስወግደው ሲያበቁ ያንን ቀሚስ ለሰጪው መመለሳቸው ክሱ ከመጀመሪያውም በማን ላይ እንደ ነበረ ያጋልጣል። ለ22 ዓመታት ያህል ያለቀሰው፣ ዋናው ተቀጪ አባትየው ነው። ቁርኣንም በሱረቱ ዩሱፍ ወንድማማቾቹ ከማሤራቸው አስቀድሞ ያነሡት ቅሬታ ዩሱፍና ወንድሙ ከእነርሱ ይልቅ በአባታቸው ዘንድ ተወዳጅ መሆናቸው እንደ ነበር ይነግራል። ሁለቱም መጻሕፍት የወንድማማቾቹን ክፋት ሳይሸፍኑ መነሻውን አይደብቁም።

የተመረጠው ልጅም ያለ ዕዳ አይቀርም። ፍቅሩን አልጠየቀም፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው እሱ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ድንገት የሚበርደው ጨዋታ፣ የወላጁን ተስፋ ሳያሟላ ቢቀር የሚያጣው ቦታ፣ ወላጁ ሲያረጅ «አንተን ነበር የሚወዱህ» ተብሎ ለእሱ ብቻ የሚተውለት የመጦር ኃላፊነት የዚያ ዋጋ ክፍሎች ናቸው። ከዚህ የሚከፋው ትምህርቱ ነው፤ ፍቅር ማለት መመረጥ፣ መመረጥም ሌላው መገፋቱ ነው ብሎ ያድጋል። ያዕቆብ በአባቱ ዘንድ ሁለተኛ የነበረ፣ በእናቱ ዘንድ አንደኛ የነበረ ልጅ ነው፤ የአድልዎን ሁለቱንም ገጽ ቀምሷል። ይህ ልምድ ግን ከመድገም አላዳነውም። በገዛ ልጆቹ መካከል አዳላ፤ በእርጅናውም ዓይኑ ፈዝዞ የልጅ ልጆቹን ሲባርክ፣ ቀኝ እጁን በታናሹ በኤፍሬም፣ ግራውን በታላቁ በምናሴ ራስ ላይ አመሳቀለ። ዮሴፍ ሊያርመው ቢሞክር እያወቀ እንደሚያደርገው መለሰለት። በአድልዎ ያደገ ሰው ሥርዓቱን የሚነቅፈው እሱ ሲጎዳበት ነው፤ ወላጅ ሲሆን ግን የሚያውቀው ሥርዓት ያው ነው።

ሕግ በዚህ ጉዳይ ጣልቃ ሲገባ ወሰኑን አውቆ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 21 ሁለት ሚስቶች ስላሉት ሰው ይደነግጋል፤ አንዷ የምትወደድ፣ ሌላዋ የምትጠላ ብትሆን፣ በኩሩም ከተጠላችው ቢወለድ፣ አባትየው ብኩርናን ወደ ተወዳጇ ልጅ ማዞር አይፈቀድለትም፤ እጥፍ ድርሻው የበኩሩ ነው። ሕጉ የተጠላችውን ውደድ አላለም፤ ጥላቻህ ሚዛኑን አይንካው አለ እንጂ። በእስልምናም ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ በሺር ለልጁ ለኑዕማን ስጦታ ሲሰጥ፣ የልጁ እናት ዐምራ ቢንት ረዋሐ ነቢዩ ምስክር ካልሆኑበት አልቀበልም አለች። ነቢዩም ለሌሎቹ ልጆችህ እንዲሁ ሰጥተሃልን ብለው ጠየቁት፤ አለመስጠቱን ሲሰሙ በልጆች መካከል ፍትሕን አዘዙት፤ ስጦታውም ተመለሰ። በዚህ ታሪክ ተጠቃሚው ልጅ የራሷ ሆኖ ሳለ ጉዳዩን ለዳኝነት ያቀረበችው እናትየው መሆኗ ሊዘነጋ አይገባም።

በኢትዮጵያም ድርሻ የዘመናት ጉዳይ ነው። በአማራ አገር የርስት መብት በአባትም በእናትም በኩል ለወንድም ለሴትም ይወርድ ነበር፤ አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጎጃም ጥናቱ ይህን ሥርዓት በዝርዝር መዝግቧል። መብቱ የሁሉም ቢሆንም መሬቱ በእጅ የሚገባው በአባት ፈቃድ ነበርና፣ ጎጆ ለሚወጣ ልጅ የትኛው ማሳ ተቆርሶ ተሰጠ የሚለው ጥያቄ ወንድማማቾችን ዳኛ ፊት ያቆም ነበር። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ የወራሾችን ጠብ የተከላከለው በጭካኔ ነው፤ ነገሥታቱ ወንዶች ዘመዶቻቸውን በአምባ ግሸን፣ በጎንደር ዘመንም በወህኒ አምባ ያስጠብቁ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ በሚተላለፍ ውርስ ልጆች ሁሉ እኩል እንዲካፈሉ ደንግጓል። በኑዛዜ ልጁን ከውርስ የሚነቅል ወላጅም ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ አለበት፤ አለዚያ ነቀላው አይጸናም። ይህ ድንጋጌ ከውርስ ያለፈ ጥበብ አለው፤ ልጅን በጸጥታ መግፋት አይቻልም፣ ለሚገፋው ልጅ ምክንያት ዕዳ ነው ይላል።

ሕግ የማይደርስበት አድልዎ ግን ብዙ ነው። ዛሬ በብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የሚታየው ሩቅ ባለውና ቅርብ ባለው ልጅ መካከል የሚፈጠረው ነው። አንዷ ልጅ ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ትሄዳለች፤ ለጉዞዋ በሬ ተሽጧል፣ ብድር ተወስዷል። ሌላዋ ቤት ትቀራለች። የሄደችው ብር ትልካለች፣ የቤቱ ጣሪያ ይቀየራል፤ ፎቶዋ ሳሎን ይሰቀላል፤ ስትደውል ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል። የቀረችው እናቷን ሐኪም ቤት ታመላልሳለች፣ ሌሊት ትነሣለች፣ ቡናውን አፍልታ ስትቀዳ የእኅቷን ምርቃት ትሰማለች። የእሷ ሥራ ሐዋላ የለውምና አይቆጠርም፤ ጨው የበዛበት ወጥ ግን ይቆጠራል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ ሲመለስ ደጅ ቆሞ አልገባም ያለው ታላቅ ወንድም ቅሬታም ከዚህ ይገጥማል፤ ሁልጊዜ ያለ ሰው አይታይም። ያች የሄደችውም ብትሆን ተወደድሁ ብላ አትተኛም፤ የተወደደችው እሷ ትሁን ወይስ የምትልከው ብር፣ ራሷም አታውቅም። እናትየዋን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ ናፍቆት በራሱ የራቀውን ያጎላል። ይሁንና ናፍቆት ስሜት ነው፤ ምስጋና ግን ድርሻ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሊያስቀር አይገባም።

ከዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ይነሣል፤ ልጅ እኩል ፍቅር የመጠየቅ መብት አለውን? አርስጣጣሊስ የክፍፍልን ፍትሕ ሲተነትን የጠቀሳቸው ክብርን፣ ገንዘብንና የመሳሰሉትን ሊቆረሱ የሚችሉ ነገሮች ነው። ፍቅር ከእነዚህ አይደለም። ለአንዱ ሲጨመር ከሌላው የግድ አይቀነስም፤ በትእዛዝም አይመጣም። በትእዛዝ የተካከለ ፍቅር ሥራ እንጂ ፍቅር አይሆንም፤ ልጅም ይህን ቶሎ ይለየዋል። ስለዚህ እኩል ፍቅር እንደ መብት ሊጠየቅ አይችልም። ድርሻው ብቻ ተስተካክሎ ልብ የራቀበት ቤት ግን ፍትሕ ያለው ሆኖም ይበርዳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመው ትኩረት ነው። ወላጅ የልጁ ጨዋታ እንዲጥመው ራሱን ማዘዝ አይችልም፤ ጠይቆ ማዳመጥን፣ የሚወደውን ማወቅን፣ ከእሱ ጋር ብቻውን ለመሆን ጊዜ መስጠትን ግን መወሰን ይችላል። ትኩረት እንደ ስሜት ከፈቃድ ውጭ አይደለም፤ እንደ ገንዘብም ቀዝቃዛ አይደለም። ብዙ ጊዜም ስሜቱ ተከትሎት ይመጣል፤ ወላጅ ከልጁ ጋር ያልተዋደደው ባለመተዋወቅ ሊሆን ይችላልና። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ግዴታ ምክንያትን መናገር ነው። ወላጅ ማንን ይበልጥ እንደሚወድ የመናዘዝ ግዴታ የለበትም፤ ለአንዱ ለምን ይህን እንዳደረገ የማስረዳት ግዴታ ግን አለበት።

የልጅ ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው፤ ዘፍጥረትም በመጨረሻው ወደዚያ ይደርሳል። በግብጽ የተሾመው ዮሴፍ ማንነቱን ሳይገልጥ ወንድሞቹን የፈተነው በዚያው በአድልዎ ነው፤ በማዕዱ ላይ የእናቱን ልጅ የብንያምን ድርሻ የሌሎቹን አምስት እጥፍ አደረገው፤ ቀጥሎም በሰበብ ባሪያ አድርጎ ሊያስቀረው ሞከረ። ዮሴፍ እንዲሸጥ ሐሳብ ያቀረበው ይሁዳ በዚህ ጊዜ ቀርቦ ተናገረ። አባቱ ሚስቴ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደችልኝ ይል እንደ ነበር ለገዢው አስታወሰ። የሌላዋ ሚስት የልያ ልጅ ለሆነው ለይሁዳ ይህ ቃል ስድብ ነው፤ አባትየው ሚስቴ ሲል የዮሴፍንና የብንያምን እናት ራሔልን ብቻ፣ ልጆቼ ሲል ሁለቱን ብቻ ነውና። ይሁዳ ግን ቃሉን የጠቀሰው ለክስ አይደለም፤ የአባቱ ነፍስ በብንያም ነፍስ የታሰረች ስለ ሆነች በልጁ ፈንታ እኔን ባሪያ አድርገኝ ለማለት ነው። ያዕቆብ አልተለወጠም፤ እስከዚያች ቀን ያዳላል። የተለወጠው ይሁዳ ነው፤ የአባቱን ልብ በራሱ ላይ የተሰጠ ፍርድ አድርጎ ማንበብ ትቷል። ዮሴፍ ራሱን መግለጥ የቻለው፣ የቤተሰቡም ዕርቅ የጀመረው ከዚህ ንግግር በኋላ ነው።

ይህ ያዕቆብን ነፃ አያወጣውም። የይሁዳ ትልቅነት አባቱ ያጎደለውን ፍትሕ የሚተካ አይደለም፤ የተገፋን ልጅ «አንተ ቻለው» እያሉ ማለፍም ሁለተኛ በደል ነው። ሁለቱ ግዴታዎች ለየብቻ ይቆማሉ። ወላጅ ልቡ ወዴትም ቢያጋድል እጁን፣ አንደበቱንና ጆሮውን ማስተካከል ይጠበቅበታል። ልጅ ሲጎለምስ የተነፈገውን ድርሻ ሊጠይቅ፣ የተነፈገውን ስሜት ግን የማንነቱ ዋጋ አድርጎ ከመቁጠር ሊላቀቅ ይችላል። አንዱ የራሱን ለመፈጸም ሌላው እስኪቀድመው መጠበቅ የለበትም።